አዳኝ ዓሣን የጾም ማብላት

በኖርዌይ ጠረፍ በመረብ ታጥሮ የሚረባ ሳልሞን የዕለት ቀለቡ የጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ ድቡልቡል መኖ ናት። ሲይዟት ቅባቷ ጣት ላይ ይቀራል፤ ሲያሸቷት የባሕር ጠረን አላት። በምን እንደተሠራች ቢጠየቅ ግን አብዛኛው ከእርሻ የመጣ ነው፦ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ከጎመን ዘር የተጨመቀ ዘይት። ሳልሞን በተፈጥሮው አዳኝ ነው፤ ባሕር ውስጥ ትናንሽ ዓሦችንና ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታትን እያሳደደ ያድጋል። በ1990 ኖርዌይ ውስጥ ይቀርብለት ከነበረው መኖ 65 በመቶው የዓሣ ዱቄት፣ 24 በመቶው የዓሣ ዘይት ነበር። በ2013 ሁለቱ ተደምረው 30 በመቶ አልሞሉም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዳኙ ዓሣ በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ የጾም ገበታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እንዴት እንደለመደው፣ ምን እንዳስከፈለና ለእኛ ሐይቆች ዓሣ ምን ትርጉም እንዳለው እንመልከት።

መጀመሪያ ስለተተካው ነገር። የዓሣ ዱቄት አሠራሩ ቀላል ነው። ትናንሽና ቅባታም ዓሦች በጅምላ ይጠመዳሉ፤ ፋብሪካ ውስጥ ይቀቀላሉ፤ ተጨምቀው ውኃቸውና ዘይታቸው ይወጣል። ዘይቱ ተለይቶ ለብቻው ይሸጣል፤ የቀረው ደርቆ ይፈጫል። ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ጥሬ ዓሣ አንድ ኪሎ ገደማ ዱቄት ይወጣዋል። ከዱቄቱ ውስጥ ከ60 እስከ 72 በመቶው ፕሮቲን ነው፤ ዓሣ በቀላሉ ይፈጨዋል፣ ጣዕሙንም ይወደዋል። ለመኖ አምራች ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ማግኘት ከባድ ነው።

የዚህ ዱቄት ትልቁ ምንጭ ፔሩ ናት። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛ የሃምቦልት ጅረት ከባሕሩ ጥልቀት ማዕድን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያ ጥቃቅን ዕፅዋት ይፈላሉ፤ እነሱን ተከትሎ አንቾቬታ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በሚሊዮን ቶን ይራባል። በ1970 ፔሩ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አጠመደች። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ኤልኒኖ መጣ፤ ባሕሩ ሞቀ፤ ከልክ በላይ ሲጠመድ የቆየው አንቾቬታ ተመናመነ። በ1973 የተያዘው ከ3 ሚሊዮን ቶን በታች ነበር። መንግሥትም በዚያው ዓመት ኢንዱስትሪውን ወረሰው።

መዘዙ ፔሩ ላይ አልቆመም። ያን ጊዜ የዓሣ ዱቄት በአብዛኛው የዶሮና የአሳማ መኖ ስለነበር፣ እሱ ሲጠፋ መኖ አቀናባሪዎች ወደ አኩሪ አተር ዞሩ። በሌሎችም ምክንያቶች ሲንር የነበረው የአኩሪ አተር ዋጋ ጣሪያ ነካ፤ በሰኔ 1973 የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደ። እገዳው ዕድሜው አጭር ቢሆንም፣ ቶፉዋና ሶይ ሶሷ በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ የቆመው ጃፓን ደነገጠች። ሌላ አቅራቢ ፍለጋ ወጥታ ሴራዶ በሚባለው የብራዚል ሰፊ የሣር ምድር ላይ ገንዘብና ዕውቀት አፈሰሰች። ብራዚል ዛሬ የዓለም ቀዳሚ የአኩሪ አተር አምራች ናት። የኖርዌይ ሳልሞን ከሚመገበው የዕፅዋት ፕሮቲን ትልቁ ድርሻም የሚጫነው ከዚያው አገር ነው።

የዓሣ ርባታው ወደ ዕፅዋት የዞረው በሒሳብ ተገዶ ነው። ባሕር የሚሰጠው የዓሣ ዱቄት ለአሥርተ ዓመታት በዓመት 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ላይ ቆሟል። ርባታው ግን በ2022 ወደ 94 ሚሊዮን ቶን ደርሶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውኃ ተጠምዶ ከሚወጣው በልጧል። የማያድገውን ምንጭ እያደገ ያለ ዘርፍ ሲሻማው ዋጋው ይወደዳል፤ ሽሚያውም የሰው ሳህን ድረስ ይደርሳል። በሴኔጋል፣ በሞሪታኒያና በጋምቢያ ዳርቻ የተተከሉ የዱቄት ፋብሪካዎች የሚገዙት ሳርዲኔላ የሚባለውን፣ የሕዝቡ ርካሽ ምግብ የሆነውን ዓሣ ነው። ዓሣውን አድርቀውና አጭሰው ሲሸጡ የኖሩ ሴቶች ከፋብሪካ ጋር በዋጋ መወዳደር አልቻሉም።

ታዲያ ዓሣን ያለ ዓሣ ማሳደግ ይቻላል? በሥነ ምግብ ሳይንስ መልሱ አዎ ነው። ዓሣ የሚያስፈልገው ፕሮቲኑ የተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው። ከነዚህ አሥሩን ሰውነቱ መሥራት ስለማይችል ከምግቡ ማግኘት አለበት። የዓሣ ዱቄት አሥሩንም በሚፈለገው መጠን ይዞ ይመጣል፤ ዕፅዋት ግን አንዱን ሲሰጡ ሌላውን ያጓድላሉ። ይህን የጾም ገበታችን ያሳየናል። ሽሮ የሚሠራባቸው ጥራጥሬዎች ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን ያንሳቸዋል፤ እንጀራ የሚሆኑት እህሎች ደግሞ በላይሲን ድሃ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ጉርሻ ሲገናኙ ጉድለቱ ይሞላል። የመኖ ቀማሪም ሥራው ይኸው ነው፤ አኩሪ አተርን ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ፕሮቲን ጋር ያጣምራል፤ ያም ካልሞላ በፋብሪካ የተሠራ ሜቲዮኒንና ላይሲን በግራም ለክቶ ይጨምራል።

ፈተናው ዕፅዋት ከፕሮቲናቸው ጋር ይዘው የሚመጡት ነገር ነው። ዘር ተበይ እንዳይሆን ራሱን ይከላከላል። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም ሥራ የሚያስፈታ ንጥረ ነገር አለው፤ ሙቀት ያጠፋዋል፣ ሙቀቱ ከበዛ ግን ላይሲኑም አብሮ ይበላሻል። የጥጥ ፍሬ ጎሲፖል የሚባል መርዝ ይዟል። በጎመን ዘር ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ቅመም ሲበዛ የእንቅርት ዕጢን ያውካል።

ለሳልሞን ክፉው ጠላት ሳፖኒን ሆኖ ተገኘ። ሳፖኒን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀው የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ቢልሃርዝያን በእንዶድ የመከላከል ምርምራቸውን የጀመሩበት ኃይልም ከሳፖኒን የመጣ ነው። በአኩሪ አተር ውስጥ ያለው ዘመዱ ለዶሮና ለአሳማ ያን ያህል አያስቸግርም። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ግን ተራ የአኩሪ አተር ፋጉሎ የተመገቡ ሳልሞኖችን አንጀት በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የኋለኛው ክፍል ተቆጥቶ አገኙት። ምግብ የሚመጥጡት እጥፋቶች አጥረዋል፤ ከሥራቸው ያለው ሽፋን ወፍሯል፤ የመከላከያ ሕዋሳት ወረውታል። ዓሣው ወደ ዓሣ ዱቄት ሲመለስ ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ይሽር ነበር።

መፍትሔው ከማጠቢያ ጋን ወጣ። ዘይቱ የወጣለት አኩሪ አተር በአልኮልና በውኃ ሲዘፈዘፍ ሳፖኒኑና ዓሣ የማይፈጨው ስኳር ሟሙተው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ፕሮቲኑ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ ዱቄት ነው። የሳልሞን ርባታ ወደ ዕፅዋት የተሻገረው በዋናነት በዚህ ድልድይ ነው። ቀጥሎ የፎስፈረስ ነገር መጣ። በዘር ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ወደ ሁለት ሦስተኛው ፋይቴት በሚባል ውሕድ ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ዓሣ የመክፈቻው ኢንዛይም የለውም፤ ስለዚህ ማዕድኑ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ውኃውን በአልጌ ያስወርራል። አሁን ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ተመርቶ፣ ሙቀት እንዳይገድለው መኖው ከበሰለ በኋላ ይረጭበታል።

አንዳንዴም የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ የሚታወቀው ዓሣው ሲታመም ነው። ጃፓን ውስጥ ቡሪ የሚባለው አዳኝ ዓሣ የዓሣ ዱቄት ሲቀነስበት ጉበቱ አረንጓዴ ሆነ። ሰበቡ በእንስሳት ሥጋ ውስጥ ሞልቶ በዕፅዋት ውስጥ የሌለው ታውሪን ነበር፤ ሲጨመርለት አገገመ። የዓሣ ዱቄት ለዘመናት ማንም ሳያውቅለት ይሠራው የነበረ ሥራ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ እየተገለጠ መጥቷል።

ያልተከፈለ ዋጋም አለ። ኦሜጋ 3 የሚባለውን ቅባት ሳልሞን ከሚበላው ያገኘዋል፤ ምንጩ በባሕር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው። የዓሣ ዘይት በጎመን ዘር ዘይት ሲተካ ቅባቱም ከሥጋው ይቀንሳል። በስኮትላንድ ሳልሞን ላይ የተደረገ ጥናት ከ2006 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የዋናዎቹ ኦሜጋ 3 ቅባቶች መጠን በግማሽ መቀነሱን አሳይቷል። ዛሬ አልጌውን ራሱን በጋን አብላልተው ዘይቱን የሚያወጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ ምርታቸው ግን ውድ ነው። ሌላው ዋጋ መሬት ነው። ከፔሩ ባሕር የወረደው ሸክም የብራዚል ሴራዶ ላይ ተጭኗል፤ የአኩሪ አተር እርሻ ሲሰፋ የተመነጠረው ዛፍና የታረሰው ሣር የመኖው ሒሳብ አካል ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የመጣው አዳኝ ዓሣን እናርባ ከማለት ነው። የእኛ ቆሮሶ ሌላ ፍጥረት ነው። ዓለም ናይል ቲላፒያ የሚለው ይህ ዓሣ ከጣና እስከ ጫሞ ድረስ ባሉ ሐይቆቻችን አገሩ ነው፤ አዋቂው በአብዛኛው የሚመገበው አልጌ ነው። የሳልሞን አንጀት ከራሱ ቁመት ያጠረ ሲሆን፣ የቆሮሶ ተጠቅልሎ የቁመቱን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጨጓራው የአልጌን ግድግዳ የሚሰብር እጅግ ብርቱ አሲድ ያመነጫል። ለእሱ የዕፅዋት ቀለብ ከትውልድ የመጣ ልማድ ነው፤ የዓሣ ዱቄት የሚያስፈልገው ጫጩት ሳለ ነው፣ እሱም በጥቂቱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥሬ ዕቃው በእጃችን ነው። የኑግ ፋጉሎ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ገለባው ብዙ፣ ላይሲኑ አነስተኛ ስለሆነ ግን ለብቻው አይበቃም፤ አኩሪ አተር ሲታከልበት ይሻላል። ፉርሽካና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርትም በአገር ውስጥ ተመራማሪዎች በቆሮሶ ላይ ተሞክረዋል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሄደ ሰው ሌላም ሀብት ያያል። ዓሣው ሲገፈፍ ለገበያ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ቢሆን ነው፤ ጭንቅላቱን፣ አጥንቱንና ሆድ ዕቃውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቁታል። በደንብ ተቀቅሎና ደርቆ ቢፈጭ ለጫጩቶች የሚበቃ ዱቄት ይወጣዋል፤ በዓለም ላይም ከዓሣ ዱቄት ውስጥ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሠራው ከእንዲህ ያለ ተረፈ ምርት ነው።

ኩሬ ለመቆፈር የሚያስብ ሰው እንግዲህ ከመኖ ዋጋ በፊት ስለ ውኃው ቢጠይቅ ይሻለዋል። ፍግ አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ኩሬ የቀለቡን ከፊል ራሱ ያበቅላል፤ ፋጉሎና ፉርሽካ የሚሞሉት ጉድለቱን ብቻ ነው። በጠባብ ጋን ወይም ሐይቅ ላይ በተንጠለጠለ መረብ ታጭቆ የሚረባ ዓሣ ግን ሁሉንም ከሰው እጅ ስለሚጠብቅ መኖው የተሟላ መሆን አለበት። ቀጥሎ ፋጉሎውን በእጁ ፈርፍሮ ያሽተው። በእርጥብ መጋዘን የከረመ ፋጉሎ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመነጫል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ የተገኘው ይህ መርዝ ላሞች ከሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ጋር መያያዙን ጥናት አሳይቷል። ሻጋታ የያዘ መኖ ዓሣውንም ይጎዳል፤ ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛ አይደለም።

ኖርዌይ አዳኝ ዓሣን የጾም ለማብላት ላቦራቶሪ፣ ፋብሪካና በመርከብ የሚጫን አኩሪ አተር አስፈልጓታል። ቆሮሶን ለሚያረባ ገበሬ የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፦ በየጊዜው የሚደርስ ንጹሕ ፋጉሎ፣ በትክክል የሚቀላቅል አነስተኛ ወፍጮ፣ ጤነኛ ጫጩት የሚያቀርብ ማራቢያ። ሦስቱም በአገር ውስጥ አቅም የሚሠሩ ናቸው።