ስለ ውሃ ቦይ አቀያየስ፤ በካምፓላ ከሚገኘው ከናኪቩቦ የሚገኝ ትምህርት

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ኪሱጉ ከተባለው ሰፈር ግርጌ፣ ከናሙዎንጎ መንደርና ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ናኪቩቦ የሚባል ረዥም ቦይ ያልፋል። በዚያው አካባቢ፣ በካባላጋላና በካንሳንጋ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ሰዎች ስለሚኖሩ ቦዩን በዓይኑ ያየ አንባቢ አይታጣም። ናኪቩቦ ቀድሞ በረግረግ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጅረት ነበር፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ተቆፍሮና ተቃንቶ ቦይ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር የማስፋትና የማደስ ሥራ ተጀመረለት። ሥራውም የከተማዪቱን ጎርፍና እድፍ ሰብስቦ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ውስጠኛው የመርቺሰን ወሽመጥ ማድረስ ነው።

የእርሻ ገጽ ስለ ከተማ ፍሳሽ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ መስኖ የሚቀይስ ገበሬና ጎርፍ የሚያስወግድ መሐንዲስ የሚሠሩበት ሕግ አንድ ነውና እንመልስለታለን። የሚለያዩት በሚፈልጉት ነገር ብቻ ነው።

ሕጉ ይህ ነው። በቦይ ውስጥ የሚሄድ ውሃ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከቁልቁለቱ፣ ከቦዩ ስፋትና ጥልቀት፣ እንዲሁም ከግድግዳው ልስላሴ ወይም ሻካራነት ነው። ሌላው ሳይለወጥ ቁልቁለቱ አራት እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። በአፈር ለተቆፈረ የመስኖ ቦይ በ1000 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ያህል መውረድ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው አፈሩን እየጠረበ ቦዩን ገደል ያደርገዋል፤ ካነሰም ያዘለውን ደለል እየጣለ ይደፍነዋል። ጎኖቹም ቀጥ ብለው እንደ ግድግዳ ከተቆረጡ ይናዳሉና ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ተደርገው መቆፈር ይገባቸዋል። ሮማውያን ለኒም ከተማ ውሃ ያመጡበት ቦይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲረዝም ከራስጌው እስከ ግርጌው የወረደው 12.6 ሜትር ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ቀያሾቹ ለልኩ የነበራቸው ጥንቃቄ ያስደንቃል። በጎንደርም የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። መሣሪያ የሌለው ገበሬ ግን ጥቂት ቆፍሮ ውሃውን ይለቅቅበታል፤ ውሃው ቆሞ ከተኛ ያጠልቃል፣ ከጋለበ ቦዩን ወደ ጎን ያዞረዋል። ግንበኛ ልክ የሚያይበትን መሣሪያ «ውሃ ልክ» ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም።

ናኪቩቦን የሠሩት መሐንዲሶች የፈለጉት የዚህን ተቃራኒ ነበር። ውሃው ቶሎ እንዲሄድላቸው ጠመዝማዛውን አቃኑ፤ በብዙ ስፍራም ግድግዳውን በድንጋይና በኮንክሪት አለሰለሱ። ለከተማው መካከል ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ከታች፣ ወደ ሐይቁ ሲቃረብ፣ ምድሩ ሜዳ ይሆናልና ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ከላይ የተጋዘው ደለልና የፕላስቲክ ቁሻሻም በዚያ ይከማቻል። ቦዩ በየጊዜው ካልተጠረገ ጎርፉ ተመልሶ በቆላው መንደር ላይ ይተኛል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የረግረጉ ነው። በቦዩና በሐይቁ መካከል 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ረግረግ አለ። የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል በዚያም ይበቅላል። ውሃው በደንገሉ ሥር ተዘርግቶ በዝግታ ሲያልፍ ደለሉ ይሰፍራል፣ ናይትሮጅኑንና ፎስፎረሱን ሥሩ ይመጥጠዋል፣ ብዙው ተሕዋስም በቆይታ ይሞታል። ቦዩ ግን ውሃውን ሰብስቦ በጠባብ መንገድ ስለሚሰድደው፣ የባቡሩም ድልድል ረግረጉን ከሁለት ስለከፈለው፣ አብዛኛው ደንገል ከእድፉ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

በዚህ ላይ በረግረጉ ዳር ጎደሬና ሸንኮራ አገዳ የሚተክሉ ሰዎች መሬቱን ለማንጠፍ ትናንሽ ቦዮች ይቆፍራሉ። በነርሱ መፍረድ አይገባም። መሬቱ ለም ነው፣ ገበያውም ከደጃቸው ነው። ሆኖም ቦያቸውን ወደ ሐይቁ ቁልቁል ከመቁረጥ ይልቅ በአግድም ቢያወጡትና በእርሻውና በሐይቁ መካከል ሰፊ የደንገል መቀነት ቢተዉ፣ ለጎደሬው ማዳበሪያ የሚሆነው ነገር ከማሳው አይሸሽባቸውም። ያው ነገር ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ውሃውን የሚያበላሽ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል። አጠቃቀሙን በተራ የሚያስጠብቅ ሰውም ያስፈልጋቸዋል፤ በአማራ አገር ይህን የሚሠራው ሽማግሌ «የውሃ አባት» ይባላል፣ የላይኛው ባለ ማሳ የታችኛውን እንዳይበድል የሚዳኘውም እርሱ ነው።

የናኪቩቦ የታችኛው ባለ ማሳ ከተማዪቱ ራስዋ ናት። ካምፓላ ለረዥም ዘመን የምትጠጣውን ውሃ የቀዳችው ይኸው ቦይ ከሚገባበት ወሽመጥ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ካለው ከጋባ ነው። የወሽመጡ ውሃ እየከፋ በሄደ መጠን የማጣሪያው መድኃኒትና ወጪው ጨመረ። ቆይቶም ከከተማዪቱ በስተምሥራቅ ርቆ በሚገኘው በካቶሲ ሌላ ትልቅ ማጣሪያ ተሠርቶ፣ ውሃው በረዥም ቧንቧ ወደ ከተማዪቱ እንዲመጣ ሆኗል።