ጫጉላ በአራጣ!

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር ድረስ መጥታ፣ ገና ቡናው ሳይፈላ ስልኳን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። "አክስቴ፣ እይልኝማ!" አለች። አየሁላት። ነጭ አሸዋ፣ ሰማይ የመሰለ ውሃ፣ ውሃው ላይ በእንጨት ቋሚ የተተከሉ የሣር ክዳን ጎጆዎች... ማልዲቭስ ነው አለችኝ። ከሠርጓ በኋላ ከባሏ ጋር ለአምስት ቀን ጫጉላ የምትወጣበት ደሴት መሆኑ ነው።

"እሰይ የኔ ልጅ! ገንዘቡስ?" አልኳት።

ዝም አለች። ቆየት ብላ ፊቷን ወደ ረከቦቱ አዙራ "ትንሽ እንበደራለን" አለችኝ። "እሱ ግን እንደምበደር አያውቅም።"

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ "ትንሽ" የምትባል ቃል ናት። እኔም በጊዜዬ ደሴት አማረኝ ብዬ፣ ትዳሬን በአምስተኛው ቀን ውሃ ልትበላብኝ ነበርና!

የካላንደሯ ደሴት

ነገሩ የሆነው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ደመወዜ 230 ብር። እሱ መምህር ነው፤ 420 ብር ያገኛል። ከታይፕ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንድ ያለፈበት ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። ወሩ ካለፈ ዓመታት ቢሆነውም ማንም አያወርደውም። ሥዕሉ ደሴት ነው፤ ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ በመሀል የተኛ አረንጓዴ ሰማያዊ ውሃ። የጉና ብርድ ጣቶቼን ሲያደነዝዘኝ ዓይኔን ወደዚያች ደሴት እጥላለሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ሙቀቱ ይሰማኝ ነበር!

እጮኛዬ አንድ ቀን ሊወስደኝ ቢሮ መጥቶ ካላንደሯን ሳይ ያዘኝ። "ምን ታያለሽ?" አለኝ። እኔም እንደ ዋዛ "አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ብትወስደኝ ሌላ ምንም አልጠይቅህም" አልኩት። ሳቀ። እኔም ረሳሁት። እሱ ግን አልረሳውም ኖሯል።

በእኛ አገር ጫጉላ ማለት ሽርሽር አልነበረም። ጫጉላ ሙሽሮቹ ከሚዜዎቻቸው ጋር የሚሰነብቱባት ጎጆ ናት። ሙሽራዪቱ ተሸፋፍና ትቀመጣለች፣ ቅቤና ማር ይቀርብላታል፣ ሚዜዎች እየተጫወቱ ድንጋጤዋን ያስረሷታል። እናቴ እንዲህ ነው የተዳረችው። እኛ ግን "የሠለጠንን" ነንና መልሱ እንዳለቀ ሙሽራው ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ፤ "ሰኞ ባሕር ዳር እንወርዳለን። ሰባት ቀን! ደሴት አሳይሻለሁ።" ከደስታዬ ብዛት ከየት አመጣኸው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፤ ልብ በሉልኝ።

ልነሳ ስል እናቴ ጓዳ ጠራችኝ። በመቀነቷ የቋጠረችውን ፈትታ 200 ብር በእጄ ጨበጠችልኝ። "ይህ የመሳፈሪያሽ ነው። ክፉ ቢወጣው የምትመለሺበት። ለማንም እንዳትነግሪ!" በቀሚሴ ጠርዝ ሰፋሁት።

ወደ ቆላው ጉዞ

ሰኞ ማለዳ፣ የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራባትን ጋፋትን ጎረቤት አድርጋ የምትኖረውን ከተማችንን ለቅቀን በአውቶቡስ ወረድን። ሰዉ የቻይና መንገድ በሚለው ጠመዝማዛ አቧራ ስንቅም ወረታ ደረስን። ከዚያ የፎገራ ሜዳ፣ የጉማራ ድልድይ፣ ሐሙሲት... ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ላደገ ሰው 1,800 ሜትር ላይ ያለው ጣና በረሃ ነው! ዓባይን ተሻግረን ዘንባባዎቹን ሳይ "ካላንደሯ ውስጥ ገባሁ" አልኩ።

ሆቴሉ ሐይቁ ዳር ነው፤ ለሊቱ 80 ብር። የሰባቱን ሌሊት ሒሳብ ቀድሞ ከፍሏል። በልቤ "420 ብር የሚያገኝ ሰው?" አልኩ። ግን ቆሮሶው ተጠብሶ መጣ፣ ፀሐዪቱም ሐይቁ ላይ ወረደች፣ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ።

በማግስቱ በጀልባ ወጣን። ቅርብ ያለው ክብራን ገብርኤል ነው። ስንደርስ ጀልባ ነጂው አንገቱን ደፍቶ "ልጄ፣ እዚህ ሴት አትወጣም፤ የወንዶች ገዳም ነው" አለኝ። ባለቤቴ ወጥቶ አይቶ መጣ፤ እኔ ጀልባ ውስጥ ቀረሁ። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ የከፋኝ ሥርዓቱ አይደለም። የከፋኝ ሙሽራዬ አስቀድሞ ሳይጠይቅ ማምጣቱ ነው! በሦስተኛው ቀን ወደ ዘጌ ወስዶ ካሰኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ትገባለች። በቡናው ጥላ ሥር ሄድን፣ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አየን፣ ታረቅን። አራተኛውን ቀን ሆቴሉ ደጅ ተቀምጠን ታንኳዎቹን ስናይ ዋልን።

ኮቱ ውስጥ የነበረው ወረቀት

ዋናው ጉድ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ተዳብለን ወደ ሐይቁ መሀል፣ ወደ ደቅ ደሴት ተነሳን። ሦስት ሰዓት ያህል በሞተር ጀልባ! መንገድ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ የእነ ዐፄ ዳዊት፣ የእነ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የእነ ፋሲለደስ አጽም ያረፈበት ገዳም ነው። እሱም የወንዶች ብቻ ነው። ወንዶቹ ዳገቱን ሊወጡ ሲነሱ ባለቤቴ ነፋሱ እንዳይመታኝ ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። መልካም ሰው ነው እኮ!

ኮቱን ለበስኩ፤ እጄን ኪሱ ከተትኩ። የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የፍቅር ደብዳቤ መስሎኝ ፈታሁት። ውል ነው! የሦስት ምስክሮች ፊርማ ያለበት። ብር 1,200 ተበድሯል፤ ወለዱ በወር 10 ከመቶ። በወር 120 ብር ለወለድ ብቻ! ዋናው ሳይነካ ማለት ነው። ባይከፍል ደግሞ ለአበዳሪው ያስያዘው የአባቱን የድርሻ መሬት ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ! ያ የበላሁት ቆሮሶ ጉሮሮዬ ላይ ተመልሶ መጣ። ጀልባ ነጂው ፊቴን አይቶ "ምነው ልጄ፣ ውሃው አዞረሽ?" አለኝ። "አዎ አባቴ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል! በጣቴ የቀሚሴን ጠርዝ ዳሰስኩ። 200 ብሬ አለች። "ባሕር ዳር እንደገባን አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ እናቴ" ብዬ ቆረጥኩ።

ናርጋ ሥላሴ

ከዳጋ ተነስተን ደቅ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። የምንጎበኘው ናርጋ ሥላሴን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ያስተዳደሩት ሴት። እዚያ ማንም "አንቺ ቅሪ" አላለኝም። ገባሁ። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ እቴጌይቱ በግንባራቸው ተደፍተው ተስለዋል። ያ ሁሉ ሥልጣን እያላቸው መሬት ላይ ወድቀው ሳያቸው እልሄ ትንሽ በረደ። ወጥተን ከዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

ፊቱ አመድ መሰለ። "ከየት አገኘሽው?" አለ።

"አንተ ከየት አገኘኸው?" አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ካላንደሩን ስታይ ዓይንሽን አይቼው ነው" አለኝ። "ሌላ ምንም አልጠይቅህም ብለሽኝ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ 'ይችን አደረግኩላት' ማለት ፈልጌ ነው። ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።"

"አዎ፣ እምቢ እል ነበር! ለዚያ ነው መንገር የነበረብህ!"

ጮኽኩ መሰለኝ፤ አንዲት እማሆይ ዘወር ብለው አዩኝ። አፈርኩ። ያኔ ነው የራሴም ጉድ ትዝ ያለኝ። እሱ ብድር ደበቀኝ፤ እኔስ? ከሰው ጋር ልኖር ገብቼ መውጫዬን በቀሚሴ ሰፍቼ አልመጣሁም? ጠርዙን ተረተርኩና 200 ብሩን ወረቀቱ ላይ አኖርኩት። "ይህ ደግሞ የእኔ ነው። ካንተ የምሸሽበት" አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔንም ያኔ ነው ያስለቀሰኝ።

ዕዳውን እንዴት ወጣነው?

እንባ ዕዳ አይከፍልም። ያንኑ ማታ ተቀምጠን ሒሳብ ሠራን። በማግስቱ ከሆቴሉ ለቀቅን። አምስት ሌሊት አድረን ስለነበር የሁለቱን ሌሊት 160 ብር ከብዙ ልመና በኋላ መለሱልን። በእጃችን የቀረው 140 ነበር። ከእናቴ 200 ጋር ልክ 500 ብር። ደብረ ታቦር እንደገባን በቀጥታ ለአበዳሪው ሰጠነው፤ ዋናው 700 ቀረ።

በመሥሪያ ቤታችን አዲስ እቁብ ሊጀመር ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው፣ በወር 100 ብር። የእቁብ ዳኛዋን "እቴ፣ ችግር ገጥሞኛልና የመጀመሪያውን ዕጣ ለምኑልኝ" አልኳቸው። ሳይጠይቁኝ ለመኑልኝ፤ ሰዉም እሺ አለ። 1,200 ብሩን ተቀብለን 700 ዋናውንና የወሩን 120 ወለድ፣ በድምሩ 820 ከፈልን። ውሉ ተቀደደ። በወር 120 ብር ለወለድ ከመገበር፣ ያንኑ ሊደርስ ጥቂት የጎደለውን 100 ብር ለእቁብ እየጣልን ዓመቱን ጨረስን። ሽሮ የበላንበት ዓመት ነበር፤ ግን ከወለድ ነፃ ነበርን።

ከእቁቡ 380 ብር ተርፎ ነበር። ባለቤቴ ከዚያ ላይ 200 ቆጥሮ በእጄ አስጨበጠኝ። "ምንድነው?" አልኩት። "የመሳፈሪያሽ ነው" አለኝ። "ከእኔ ጋር የምትኖሪው መሄጃ ስላጣሽ እንዲሆን አልፈልግም።" እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሦስት ልጆች ወልደናል።

ለእህቴ ልጅና ለመሰሎቿ

አትሂዱ አልልም። ሰው የደከመበትን ሠርግ ጨርሶ አየር ቢቀይር ደግ ነው። ነገር ግን...

1. በድብቅ የተበደራችሁት ገንዘብ ስጦታ አይደለም። ለሁለት በምትኖሩበት ጎጆ ዕዳውም የሁለት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ።

2. ወደ ውጭ የምትወጡ ከሆነ ሒሳቡን በዛሬ ምንዛሪ ሥሩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የወጡ ሙሽሮች የነገሯችሁ ዋጋ አይሠራም።

3. የምትሄዱበትን ቦታ እወቁ። ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ትናንሽ ደሴቶች ናት። ዳርዊን በ1842 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ እሳተ ገሞራው ቀስ እያለ ሲሰምጥ ዙሪያውን የበቀለው ኮራል ወደ ላይ እያደገ ቀለበት ሆኖ ይቀራል፤ በቀለበቱ መሀል የተኛው ጸጥ ያለ ውሃ ነው ያ የካላንደር ውሃ። የእኛ የጥር ሠርግ ከእነሱ ደረቅ ወራት ጋር ይገጥማል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግን ዝናብና ነፋስ ይበዛል። አገሩ የሙስሊም አገር ነው፤ ነዋሪው በሚኖርባቸው ደሴቶች መጠጥ አይሸጥም፣ አለባበስም ይጠበቃል። ዛንዚባር ለምትሉ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዳትረሱ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናባቸው ነው።

4. ጣናን ለምትመርጡ፦ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ሐይቅ ነው፤ እምቦጭ ቢያስቸግረውም ዛሬም ያምራል። ሙሽሪት የምትገባበትንና የማትገባበትን ገዳም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዳር ላይ ገብታችሁ አትዋኙ፤ ብልሃርዚያ አለበት። ከደጋ የምትወርዱ ደግሞ ለወባ አጎበር አትናቁ። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግጭት ያየ ነውና፣ ሳትነሱ የመንገዱን ነገር አጣሩ።

5. ገንዘቡ ካልበቃ ሰባቱን ቀን ሁለት አድርጉት። እኔ ከዚያ ሳምንት የማስታውሰው ሆቴሉን አይደለም፤ ያቺን የዛፍ ሥር ሰዓት ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ ሦስተኛውን ቡና ጠጣች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደጅ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ለእጮኛዋ ደውላ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች። ረጅም ሰዓት አወሩ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ፈክቷል።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"እሱም ተበድሮ ኖሯል!" አለችኝ።

መልካም ጫጉላ!