የክንድ ቆዳ ሲላላ፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት

ሲያትል ውስጥ በኦዜምፒክ መርፌ ወይም በጨጓራ ቀዶ ጥገና ብዙ ኪሎ የቀነሱ እህቶቻችን "የክንዴ ቆዳ ተንጠለጠለ፤ ጂም ብገባ ይሰበሰባል?" ይሉኛል። አይሰበሰብም። ስፖርት ጡንቻ ይገነባል እንጂ ተለጥጦ የላላ ቆዳን አያሳጥርም።

ብራኪዮፕላስቲ በሚባለው ቀዶ ጥገና ትርፉ ቆዳና ስብ ተቆርጦ ይወጣል፣ የቀረው ተሰብስቦ ይሰፋል። ቆዳው ሳይላላ ስብ ብቻ ለበዛበት ክንድ ሊፖሰክሽን ሊበቃ ይችላል።

ጠባሳው ግን ብዙ ጊዜ ከብብት እስከ ክርን ይደርሳል፤ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። በተለይ ለእኛ ሰው ይህን ደግሜ እናገራለሁ፦ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል። ጆሯችሁን ስትበሱ፣ ስትከተቡ ወይም በቀዶ ጥገና ስትወልዱ እንዲህ ያለ እብጠት ወጥቶባችሁ ከነበረ ለሐኪሙ አሳዩት፤ "ትንሽ ናት" ብላችሁ አትለፉት።

በቆዳው ሥር የሚያልፈው ነርቭ ከተነካም ከክርን በታች ሊደነዝዝ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ክብደታችሁ ለወራት ሳይዋዥቅ ይቆይ፤ የምታጨሱም አቁሙ፣ ማጨስ የቁስል መዳንን ያዘገያል።

ቀዶ ጥገናው ለውበት ብቻ ከሆነ አፕል ሄልዝ (የዋሽንግተን ስቴት ሜዲኬይድ) አይከፍልም። የሐኪሙን ፈቃድ በዋሽንግተን ስቴት ጤና መምሪያ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ቦርድ ማረጋገጫ ግን ከፈቃዱ የተለየ ነው፤ እሱንም ጠይቁ።