የታይሚንግ ችግር የነበረበትን ያገለገለ ተሽከርካሪ ለመግዛት፦ ገዢዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ የቤንዚን ወይም የናፍጣ አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው በሀገር ውስጥ ሲያገለግል የቆየውን ነው። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ሽያጭ ወቅት “ታይሚንጉ ተሠርቷል” የሚል አነጋገር በተደጋጋሚ ይሰማል። ይህ አነጋገር የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል፣ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ምን እንደተሠራ በማስረጃ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ታይሚንግ ምንድን ነው?

በሞተር ውስጥ ፒስተኖችን የሚያንቀሳቅሰው ክራንክሻፍትና ቫልቮችን የሚከፍትና የሚዘጋው ካምሻፍት ተናብበው መዞር አለባቸው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህን ቅንጅት የሚጠብቀው እንደ ሞተሩ ዓይነት የጎማ ቤልት (ቺንጋ) ወይም የብረት ሰንሰለት ነው። ለምሳሌ የቶዮታ ቪትዝ ሞተሮች ሰንሰለት ሲኖራቸው፣ በሀገራችን በስፋት የሚታወቁት የቀድሞ የናፍጣ ሃይኤስና ሃይሉክስ ሞተሮች ቤልት አላቸው።

ቤልት በጊዜ ብዛትና በሙቀት ስለሚያረጅ አምራቹ በወሰነው ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። ሰንሰለት ረዘም ላለ ጊዜ ቢያገለግልም፣ የሞተር ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ ይለጠጣል፤ ወጣሪውም ይደክማል። በብዙ ሞተሮች፣ በተለይም በናፍጣ ሞተሮች፣ ፒስተንና ቫልቭ እጅግ ተቀራርበው ስለሚሠሩ ቤልቱ ከተበጠሰ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

“ተሠርቷል” የሚለው ቃል ምን ሊይዝ ይችላል?

የመጀመሪያው፣ ቤልቱ ጉዳት ሳይደርስ በወቅቱ ተለውጦ ከሆነ ነው። ይህ መደበኛ ጥገና በመሆኑ የተሽከርካሪውን ዋጋ አይቀንስም።

ሁለተኛው፣ ቤልቱ ወይም ሰንሰለቱ ጥርስ ዘሎ እንደገና ተስተካክሎ ከሆነ ነው። በዚህ ጊዜ ማስተካከሉ ብቻውን በቂ አይደለም። ጥርስ እንዲዘል ያደረገው ምክንያት፣ ማለትም የደከመ ወጣሪ ወይም ያረጀ ጥርስ፣ ካልተወገደ ችግሩ ይመለሳል።

ሦስተኛው፣ ቤልቱ ተበጥሶ ቫልቮች ተጣመው ከሆነ ነው። ይህ ቴስታታው እንዲወርድ የሚያስገድድ ከባድ ጥገና ነው። አንዳንድ ጊዜ የተጣሙት ቫልቮች ብቻ ተለውጠው በፒስተን ላይ የደረሰው ጉዳት ሳይመረመር ይቀራል።

ከግዢ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ምርመራውን ሻጩ ወይም ደላላው ባልመረጠው ጋራዥ ማስደረግ ይመረጣል። በዚህም ወቅት የሚከተሉት ይታያሉ፦

• ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ በሌላ ቀን ጠዋት መመለስ ይሻላል። ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች የሚሰማ የብረት መንቀጫቀጭ የሰንሰለት ወይም የወጣሪ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል።

• የቤልቱ የላይኛ ሽፋን ተከፍቶ መሰንጠቅ፣ መላጥና የዘይት ንክኪ አለመኖሩ ይታይ።

• የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ። አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ ቫልቩ በትክክል አለመግጠሙን ሊያመለክት ይችላል።

• ዘመናዊ ሞተር ከሆነ በመመርመሪያ መሣሪያ ይፈተሽ። ፒ 0016 የተባለው ኮድ የክራንክሻፍትና የካምሻፍት ቅንጅት መዛባቱን ያመለክታል። ኮድ በቀላሉ ስለሚሰረዝ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ፍተሻው ይደገም።

• የጥገና ደረሰኝ ይጠየቅ። ደረሰኙ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብና የተለወጡትን ዕቃዎች፣ ወጣሪውን ጨምሮ፣ በዝርዝር ሊይዝ ይገባል።

በአንዳንድ የቶዮታ የናፍጣ ሞዴሎች ዳሽቦርድ ላይ “ቲ-ቤልት” የሚል መብራት አለ። መብራቱ የሚበራው የተወሰነ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሲሆን፣ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ይህ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም ቤልቱ ሳይለወጥም ሊጠፋ ስለሚችል፣ አለመብራቱ ለመለወጡ ማረጋገጫ አይሆንም። እንዲሁም የዓመታዊ ምርመራ ቦሎ መኖሩ የቤልቱን ሁኔታ አያሳይም፤ ምርመራው ሞተር አስከፍቶ አያይምና።

ውልና የሕግ ጥበቃ

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ዋስ ነው። ይሁን እንጂ ገዢው ሲዋዋል ያወቀውን ጉድለት ይህ ዋስትና አይሸፍንም። ስለዚህ ታይሚንጉ ችግር እንደነበረበት የተነገረው ገዢ፣ ምን እንደተሠራና ሻጩ ስለ ምን ዋስትና እንደሚሰጥ በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት። “ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ” የሚል ቃል ዋስትናውን ሊያስቀር ይችላል፤ ሻጩ ጉድለቱን በማታለል ደብቆ ከሆነ ግን ይህ ቃል ዋጋ አይኖረውም።

ገዢው ጉድለት እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ማስታወቂያውን በጽሑፍ ማድረግ ለማስረጃ ይጠቅማል። ሻጩ አታሎት ካልሆነ በስተቀር፣ ክሱን ማስታወቂያ ከሰጠበት ጊዜ አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላቀረበ መብቱን ያጣል።

ታይሚንጉ ችግር የነበረበት ተሽከርካሪ ሁሉ የማይገዛ አይደለም፤ በሚገባ ተጠግኖ ማስረጃ የቀረበለት ሞተር ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ማስረጃ ካልቀረበ ግን ገዢው ቤልቱ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ፣ የመለወጫውን ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስለት መደራደርና ረጅም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ማስለወጥ ይኖርበታል። ኮምፕሬሽን ለማስለካት ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ ጋር ውል አለመግባት ይመከራል።