የኢንዛይም ብርሃንና ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፕላስቲክ፤ በሞጆ በኩል ለሚያልፈው ንግድ ያላቸው ጥቅም

እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የሞጆ ደረቅ ወደብ ከጅቡቲ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣውን ዕቃ ይቀበላል። በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ብረታ ብረት ወይም ጨርቃ ጨርቅ ከሆነ የመንገዱ ሙቀት ለነጋዴው አሳሳቢ አይደለም። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጣታቸውን ወግተው ደም የሚያስነኩት የመለኪያ ስትሪፕ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አምራቾች ይህ ዕቃ በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት እንዲቀመጥ በማሸጊያው ላይ ያዝዛሉ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ ኮንቴይነር ግን ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል። ጉዳቱም በዓይን አይታይም። ካርቶኑ ደኅና፣ ማኅተሙ ያልተነካ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ ሆኖ ሳለ፣ ስትሪፑ ለበሽተኛው የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል።

ምክንያቱ በስትሪፑ ላይ የተቀባው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም በሕያዋን ፍጥረታት ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን ሲሆን፣ አንድን ነገር ከብዙዎች መካከል ለይቶ ወደ ሌላ ይለውጣል። በብዙ ስትሪፖች ላይ የሚገኘውና ከሻጋታ የሚወጣው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚመርጠው የደም ስኳርን ነው፤ ስኳሩ ሲለወጥ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ፍሰት ተለክቶ ቁጥር ይሆናል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ባዮሴንሰር ይባላል። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ የጣሉት ክላርክና ላየንስ ናቸው።

ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ ያስቸገራቸው ኢንዛይሙን ሳይጎዱ ከብረቱ ጋር ማያያዙ ነበር። ለዚህ አንድ መፍትሔ የተገኘው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ሂገር፣ ማክዳያርሚድና ሺራካዋ አንዳንድ ፕላስቲኮች ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፉ ማድረግ እንደሚቻል አስታወቁ፤ በዚሁ ሥራቸው በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። በ1986 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ ፎውልድስና ሎው ፖሊፒሮል የሚባለውን አስተላላፊ ፕላስቲክ በብረት ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲያሳድጉ ግሉኮስ ኦክሲዴዝን በውስጡ አስገብተው አሳዩ። ፕላስቲኩ ኢንዛይሙን እንደ መረብ ይይዘዋል፤ ፍሰቱንም ያስተላልፋል።

በመረቡ የተያዘው ኢንዛይም ግን ደኅና መሆኑ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ፍሎረሰንስ የሚባለው ጠባይ ይረዳል፤ ይኸውም አንድ ነገር የአንድን ቀለም ብርሃን ተቀብሎ የሌላን ቀለም ብርሃን መልሶ መስጠቱ ነው። ኢንዛይሙ በውስጡ ባለው ትሪፕቶፋን አማካይነት፣ 280 ናኖሜትር ያህል ሞገድ ያለው የማይታይ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ 340 ናኖሜትር የሚጠጋ ብርሃን ይመልሳል። ፕሮቲኑ በሙቀት ሲፈታ ይህ ብርሃን ወደ 350 ናኖሜትር ይሸሻል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በተጨማሪ ፍላቪን የተባለ ክፍል አለው፤ ፍላቪን በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ደኅና በሆነ ኢንዛይም ውስጥ ግን ይህ ብርሃን ታፍኖ ደካማ ነው። ኢንዛይሙ ሲበላሽ ፍላቪኑ ይወጣና ብርሃኑ በብዙ ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ዘንድ አብዝቶ ማብራት የጤና ምልክት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ገዢ የተበላሸውን መርጦ ሊገዛ ይችላል።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። ፖሊፒሮል ጥቁር ስለ ሆነ ብርሃን ይውጣል፤ ከኢንዛይሙም ጋር በጣም ሲቀራረብ ፍሎረሰንሱን ያጠፋል። ብርሃኑ መቀነሱ ብቻውን ኢንዛይሙ ሞቷል አያሰኝም፤ ተለጥፏል ማለትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ብርሃኑንም የኤሌክትሪኩን ፍሰትም አመሳክሮ ነው የሚፈርደው።

ላኪዎችንም ነገሩ ይመለከታቸዋል። አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባለው ኢንዛይም እንደ ማላታይንና ዲያዚኖን ያሉ የፀረ ተባይ መድኃኒቶች ሲነኩት ሥራው ይታገዳል፤ ፍሰቱ መውረዱም የመድኃኒት ቅሪት መኖሩን ያመለክታል። የአውሮፓ ኅብረት ልዩ ልክ ላልወጣለት ቅሪት የሚፈቅደው በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ስለ ሆነ፣ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት በፍጥነት የሚመረምር መሣሪያ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን የመሣሪያው ሻጭ ሁሉን ያያል ቢል ማመን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ገበያው በተናጋ ጊዜ፣ ጥርጣሬው በጆንያው ላይ ወድቆ ነበር። ያኔ ከተጠቀሱት መካከል ሊንዴንና ክሎርዴን ይገኛሉ፤ እነዚህ በዚህ ኢንዛይም ላይ የማይሠሩ ናቸውና፣ በእርሱ የተሠራ ባዮሴንሰር ያንን ጆንያ ንጹሕ ነው ብሎ ባሳለፈው ነበር። የባዮሴንሰር ምርመራ ለመለየት ያገለግላል እንጂ የታወቀ ላቦራቶሪ የሚሰጠውን ምስክር ወረቀት አይተካም።

በአገራችንም አስተላላፊ ፕላስቲክ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህራን ከስዊድን ሊቃውንት ጋር ሆነው ለፀሐይ ኃይል ሲያጠኑት ቆይተዋል።

ለጊዜው አስመጪው ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነው። ከማዘዙ በፊት ኢንዛይሙ ምን ዓይነት እንደ ሆነና በስንት ዲግሪ ለስንት ወር እንደ ተፈተነ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በየካርቶኑ መካከል የሙቀት መዝጋቢ እንዲቀመጥ በውሉ ያስገባ፤ ሞጆ ሲደርስም መዝገቡን ሳያነብ ዕቃውን አይረከብ። መዝጋቢው ልኩ እንዳለፈ ካሳየ ከካርቶኑ ጥቂት ስትሪፕ ወስዶ መጠኑ በታወቀ የስኳር መፈተኛ ፈሳሽ ያስመርምር፤ ውጤቱንም ከመዝገቡ ጋር አያይዞ ለመድን ድርጅቱ ያቅርብ።