ኦክላንድ የጀመረው የመኪና ትርኢት

ከዳብሊን ባርት ተሳፍራችሁ ኦክላንድ ስትደርሱ ይህን ለልጆቻችሁ አጫውቷቸው። በ1950 እ.ኤ.አ. አል ስሎናከር የሚባል ሰው እዚያ የመኪና ትርኢት ከፈተ። ትርኢቱን ያደመቁት ከፋብሪካ የወጡ አዲስ መኪኖች ሳይሆኑ፣ ወጣቶች ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ፎርድ የሠሯቸው ነበሩ። ያኔ እንዲህ ዓይነት መኪና የሚነዳ ልጅ በብዙዎች ዘንድ እንደ ዱርዬ ይታይ ነበር። (የኛስ ሰፈር የጋራዥ ልጆች መች ተከበሩ?) ስሎናከር ግን ሥራቸውን ለሕዝብ አሳየ፣ ዋንጫም አዘጋጀ። የመጀመሪያው አሸናፊ ቢል ኒካምፕ ነው፤ መኪናው የ1929 ፎርድ። የዋንጫው ቁመት 9 ጫማ ነው፤ ልጆች፣ አባባ እሽኮኮ ካላላችሁ ጫፉን አትነኩትም! ትርኢቱ ከ2004 ጀምሮ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ፖሞና ነው የሚካሄደው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ስንቅ ያዙ።