ያውቁ ኖሯል? የተጫዋች ድካም ሒሳብ፣ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ

«ሠራተኞቹ» የሚል ቅጽል ስም ያለው የወልቂጤ ከተማ እግር ኳስ ክለብ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የተቀላቀለው በ2012 ዓ.ም. ነበር። ያ የውድድር ዘመን በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በየሳምንቱ መንገድ ላይ መንገላታቱ ቀረ፤ ከቤተሰብ ርቆ ለሳምንታት ሆቴል መክረም ግን መጣ። የእንቅልፍ መዛባትና ናፍቆትም ተጫዋችን ያደክማሉ፤ ይህን ብዙዎቻችን አንቆጥረውም።

ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ እንደሆኑ ያውቁ ኖሯል? ከጉራጌ ወርዶ ድሬዳዋ ላይ የሚጫወት ልጅ ዋና ፈተናው ሙቀቱ ነው። ከጨዋታ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ 1 ኪሎ ከቀነሰ 1 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጥቷል። 70 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች 1.4 ኪሎ ሲቀንስ ከክብደቱ 2 በመቶው ሄዷል፤ ከዚያ ካለፈ ብርታቱ መውረድ ይጀምራል።

የተጫዋችን ጫና በቁጥር በመያዝ ክሪኬትን የሚያህል ስፖርት ጥቂት ነው። ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ሮጦ መጥቶ የፊት እግሩን ሲተክል መሬት ከሰውነቱ ክብደት 5 እጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ኃይል ይመልስበታል። ጉዳቱ የሚወጣው በታችኛው የጀርባ አጥንት ላይ ነው። ስለዚህ ለታዳጊዎች በቀን ሊወረውሩ የሚችሉት ኳስ በመመሪያ ይገደባል። ሕንዳዊው ጃስፕሪት ቡምራ አውስትራሊያ ላይ በ5 ግጥሚያዎች ከ900 በላይ ኳስ ወርውሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ጀርባውን ታመመ፤ የቻምፒየንስ ዋንጫም አመለጠው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ላይ ከ5ቱ ግጥሚያዎች የተሰለፈው በ3ቱ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ገና ከመጀመሪያው ተወስኖ ነበር።

እግር ኳስስ? የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ተጫዋቾች ከጨዋታ ብዛት የተነሣ ለሥራ ማቆም አድማ ተቃርበዋል አለ። ብዙ ቀናት ሳይቆጠሩ ጉልበቱን ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ራቀ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በአንድ የአውሮፓ ክለብ የተገኘውን እንዲህ አሳየ፦ በሳምንት አንድ ጨዋታ ሲኖር በ1,000 ሰዓት 4.1 ጉዳት፣ ሁለት ሲኖር 25.6። ተጫዋቾቹ የሮጡት ርቀት ግን አልቀነሰም። ለእኔ ከሁሉም የሚያስደነግጠው ይህ ነው። «ይሮጣል እኮ፣ ደህና ነው» የሚለው የአሰልጣኝ ዓይን ሊታለል ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ የተጫዋቾቹን ሩጫ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ መግዛት የማይችል ክለብ ምን ያድርግ? ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ልምምድ ካለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱን ተጫዋች ለብቻው «ከ10 ስንት ከበደህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። 6 ካለና ልምምዱ 90 ደቂቃ ከነበረ፣ 90 ሲባዛ በ6፣ 540 ይጻፋል። የሳምንቱ ድምር ካለፉት 4 ሳምንታት አማካይ ጋር ይነጻጸራል። አማካዩ 1,800 ሆኖ የዚህ ሳምንት 2,900 ከሆነ ጫናው 1.6 እጥፍ ሆኗል። አደጋው የትኛው ቁጥር ላይ እንደሚጀምር ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ ድንገተኛ ጭማሪ እንደሚያሰጋ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ።

መስቀልን አስቡ። በጉራጌ መስከረም 17 ሲመጣ ከያለበት ወደ ቤት የማይገባ የለም፤ ተጫዋቹም ይገባል፣ ለቀናት ያርፋል። ሲመለስ «የባከነውን እናካክስ» ተብሎ ጠዋትና ማታ ልምምድ ይታዘዛል። ጡንቻ የሚበጠሰው እንዲህ ባለው ሳምንት ነው። ማካካሻው ቀስ በቀስ ይሁን።

የጭን ኋላ ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል የሚቀንስ እንቅስቃሴ ምንም ዕቃ እንደማይፈልግ ያውቁ ኖሯል? ተጫዋቹ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፤ ወገቡን ሳያጥፍ በተቻለው መጠን ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል፣ በመጨረሻ በእጁ መሬቱን ይቀበላል። በጥቂቱ ተጀምሮ በየሳምንቱ ይጨመራል።

ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ የተጎዳ ጡንቻ የሚጠገንበት ፕሮቲን ግን በጣም ጥቂት ነው ያለው። ከጨዋታ በኋላ አይብ ወይም ክትፎ፣ በጾም ደግሞ ምስርና ባቄላ ይታከልበት። በረመዳን ለሚጾሙት ከባዱን ልምምድ ወደ ማፍጠሪያው ማስጠጋት ወይም ከዚያ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ከምግብ ሌላ እንቅልፍም ይቆጠራል፦ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንቅልፋቸውን ለሳምንታት ያስረዘሙ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የነጻ ውርወራ ስኬታቸው በ9 በመቶ አድጓል።

ከባድ ጫናን የሚችሉም አሉ፦ ሯጩ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት በየዓመቱ በተከታታይ ቀናት አሸንፏል። እርሱ ቻለ ብሎ የ16 ዓመት ልጅን በዚያ መለካት ግን በደል ነው። ቀነኒሳን ራሱን በኋላ የባት ጡንቻ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከውድድር አርቆታል።

የእግር ኳስ ሕግም የተጫዋችን ድካም አስቧል፦ በአንድ ጨዋታ 5 ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ለጊዜው ነበር፤ በ2022 ቋሚ ሕግ ሆነ።

ቡታጅራ ደግሞ በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። ያን ያህል መዝገብ የተያዘበት አካባቢ የልጆቹን የልምምድ ጫና መመዝገብ አያቅተውም።

የወልቂጤና የቡታጅራ አሰልጣኞች፣ ደብተሩን ለሚቀጥለው ልምምድ ይዛችሁ ውጡ። «9 ከበደኝ» ያለውን ልጅ ደግሞ በማግስቱ አሳርፉት።